ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት

ኦቦ ሞቱማን አንቱ እያልኩ ነው የማወራው። ጉታን ግን አንተ ነው የምለው፤ ያኔ «ጓድ ጉታ» እያልኩ ብድግ ያልኩለት ይበቃዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው «ዘርትሁን ስታረጅ ምላሷ ረዘመ» የሚለኝ እንዳይኖር ነው። ምላሴማ መርዘም በነበረበት ቀን አጥሮ ነበር። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው።

አምቦ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታይፒስት ነበርኩ። ኦቦ ሞቱማ ዱጋሳ ደግሞ የሳይንስ ላቦራቶሪው ጠባቂ ነበሩ። ጠባቂ ስል በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ማለቴ አይደለም። ብልቃጡን የሚያጥቡ፣ ማይክሮስኮፑን የሚወለውሉ፣ መምህር ሲቀር ደግሞ እንቁራሪት ከፍተው ልቧ የት እንዳለ ለተማሪ የሚያሳዩ እሳቸው ነበሩ። ትምህርታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ጉደር አጠገብ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምረው፣ በፅዳት ሠራተኛነት ተቀጥረው፣ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ላቦራቶሪ ገቡና እዚያው ቀሩ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ «ጊዜያዊ ሠራተኛ» ነበር የሚባሉት። አሥራ አንድ ዓመት የሚቆይ ጊዜያዊ የት አገር ነው ያለው? ክረምት በገባ ቁጥር «ዘንድሮስ ያሰናብቱኝ ይሆን?» እያሉ ነበር የሚከርሙት። ቋሚ መሆን ማለት ለእሳቸውና ለባለቤታቸው ለአዴ ጉዴ ክረምትን ያለ ሥጋት ማሳለፍ ማለት ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ርዕሰ መምህሩ ጠርተው ተስፋ ሰጧቸው። መስከረም ላይ አሥረኛው የአብዮት በዓል ይከበራል፣ በእኛ አዳራሽ ኤግዚቢሽን ይከፈታል፣ ትምህርት ቤቱ የሚያቀርበውም የኦቦ ሞቱማን የዓሣ ገንዳ ነው። «ይህን አሳምረህ ካቀረብክ የቋሚነትህ ወረቀት በዓሉ እንዳለፈ ይፈረማል» አሏቸው። ኦቦ ሞቱማ ቢሮዬ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። እኔም ጊዜያዊ ስለነበርኩ ደስታቸው ገባኝ።

ያ ገንዳ እንዲህ በቀላሉ የተሠራ አይደለም። የመስኮት መስታወት ነው፤ «ጠርዙን የእንጨትና ብረት ሥራ መምህሩ በየዱልኝ፣ ስቱኮውን እኔው ለቀለቅኩት» ይሉ ነበር ኦቦ ሞቱማ። ከሥሩ ከሁሉቃ ወንዝ የወጣ፣ ሰባት ጊዜ የታጠበ አሸዋ አለ። አሸዋው ላይ ከዚያው ወንዝ ያመጡት ለስላሳ የውሃ ሣር ተተክሏል፣ ከኋላ ረጅሙ፣ ከፊት አጭሩ። አየር የሚነፋ ሞተር የለም፣ መብራቱም እንደ ፈለገው ነው የሚሄደው። «ሣሩ ነው ትንፋሻቸው» ይሉ ነበር። አንድ ተማሪ «ኦቦ ሞቱማ፣ አምቦ ውሃ ለምን አይጨምሩላቸውም? እሱ ራሱ ይንቆረቆር የለም?» ብሎ ጠየቃቸው። «እሱ ለሰው ሆድ ነው፤ ዓሣ አያገሳም» አሉት። ልጆቹ «አባ ቁርጡሚ» ብለው ነበር የሚጠሯቸው፤ በኦሮምኛ የዓሣ አባት ማለት ነው።

ዓሦቹ ከትንሽ ጣት የማይበልጡ፣ ብርማ፣ ጎናቸው ላይ ጥቁር ነጥብ ያላቸው የሁሉቃ ዓሦች ናቸው። ብቻቸውን አይሄዱም። አንዱ ከዞረ ሁሉም ይዞራሉ። የሚጠመዱት በአሮጌ አጎበር ነው። ከዚያ ኦቦ ሞቱማ አንድ አንዱን ጠርሙስ ውስጥ ይጨምሩና መስኮት ላይ አንስተው ይመለከታሉ። ሆዷ ክብ ያለ ሴት ናት። ቀጠን ያለውና ክረምት ሲገባ አፍንጫው ላይ ነጫጭ ብጉር የሚያወጣው ወንድ ነው። እኔ ስንት ጊዜ ቢያሳዩኝ አልለየውም ነበር። በከተማው ውስጥ ከእሳቸው ሌላ የሚለየው ያለም አይመስለኝም።

ወንድና ሴቱን በስንት በስንት እንደሚያደርጉ መጀመሪያ የነገሯቸው የቀድሞው ህንዳዊ የባዮሎጂ መምህር ናቸው፤ ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት። ኦቦ ሞቱማ ግን «መምህር አለ» ብለው አልተቀበሉም። አንድ ክረምት ስድስት በስድስት አድርገው አዩ፤ ወንዶቹ ሴቶቹን ከጠዋት እስከ ማታ ሲያሳድዱ አራት ሴቶች እህል ሳይቀምሱ ሞቱ። በሌላው ዓመት ወንዶች ብቻ አደረጉ፤ እርስ በርስ ተነካከሱ፣ የሚገባበት አጥቶ በየማዕዘኑ የሚደበቀው በዛ። በስተመጨረሻ ስድስት ወንድ፣ አሥራ ሁለት ሴት፣ ሣሩንም ጥቅጥቅ አድርገው ሲያኖሩ ሰላም ወረደ። ወንዱ አንዷን ሲያሳድድ ሌላዋ ተረጋግታ ምግቧን ትበላለች፤ የተሳደደችውም ሣር ውስጥ ትገባለች።

አንድ ቀን ቆሎ እየበላን ሳለ በቀልድ «ኦቦ ሞቱማ፣ ይህ ሕግ ለሰውም ይሠራል እንዴ?» አልኳቸው። አልሳቁም። «እናቴ ሁለተኛ ሚስት ነበረች። አንድ ግቢ ውስጥ ሁለት ጎጆ፤ ሁለቱም ሴቶች ሳያርፉ አረጁ። ሰው ዓሣ አይደለም ዘርቲ፤ ሰው ተው ሲሉት ይሰማል» አሉኝ። እሳቸው የመካነ ኢየሱስ ሰው ናቸው፤ ከአዴ ጉዴ ሌላ ሴት አያውቁም። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ።

እንግዲህ ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ለኤግዚቢሽኑ ዕቃ ሁሉ መግለጫ ካርድ እንድመታ ታዘዝኩ፤ በአንድ ቀን ከአርባ በላይ። ኦቦ ሞቱማ በእጃቸው ጽፈው ያመጡት እንዲህ ይላል፤ «ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት የተደረገው ወንዱ በመራቢያ ወቅት ሴቷን ያለ ዕረፍት ስለሚያሳድዳት፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ እንዲያርፉ ነው።» ካርዱ ትንሽ ነው፣ እጄ ዝሏል፣ ሪባኑም ደርቋል። ቀሪውን በቃል ያስረዱ የለም ወይ ብዬ «ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት» ብዬ መታሁና አራት ነጥብ አደረግኩበት። ያቺን አራት ነጥብ ባየኋት ቁጥር ዛሬም ቆሽቴ ያርራል።

ጳጉሜን አንድ ቀን የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሊገመግም መጣ። ሰብሳቢው ጉታ ነበር፣ ካድሬው። ይህን ሰው ለማያውቅ ላስተዋውቀው። አዲስ ዓለም ሚስትና አራት ልጆች አሉት። ጊንጪ ደግሞ ሌላ ቤት አለው። አምቦ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሕፃን ብቻ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ አዲስ ዓለም ሲነሳ መኪናው ጊንጪ ላይ ይበላሻል፣ ሰኞ ጠዋት ይሻለዋል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይባል የለ።

ሠራተኛው አዳራሽ ተሰበሰበ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ። ጉታ ካርዱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አነበበው።

«ለአንድ ወንድ ሁለት ሴት። ይህን ማን ነው የጻፈው?»

«እኔ ነኝ ጓድ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ ከወንበራቸው ተነስተው።

«አብዮቱ ሴትን ከወንድ እኩል ባደረገ በአሥረኛው ዓመት፣ በአብዮቱ አዳራሽ ውስጥ፣ በሁለት ሚስት የማግባት ቅስቀሳ?»

«ስለ ዓሣ ነው ጓድ።»

«ዓሣ አያነብም። የሚያነበው ሰፊው ሕዝብ ነው። ሰፊው ሕዝብ ይህን አንብቦ ምን ይማር?»

አያችሁ፣ ምላሴ መርዘም የነበረበት እዚህ ላይ ነበር። «ጓድ፣ ካርዱ ጎድሎ ነው፤ ያጎደልኩትም እኔ ነኝ» ማለት። አሥር ቃል አይሞላም። ኦቦ ሞቱማ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ዘወር ብለው አዩ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ አቀረቀርኩ፤ የጉታን ንግግር አንድም ሳላስቀር እየጻፍኩ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶች። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ዱቄቱን እስከ ዛሬ እየጠረግኩ ነው።

ኦቦ ሞቱማ ስለ እናታቸው ሊናገሩ ይችሉ ነበር፤ ስለ አንድ ሚስታቸውም። እንዲያ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ያሉት ይህን ብቻ ነው፤ «ሰው ከዓሣ አይማርም ጓድ። ሰው ዓሣ አይደለም፤ ሰው ተው ሲሉት ይሰማል።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው ነው የተናገሩት፣ ማንንም ሊነኩ አልነበረም፤ ጉታ ግን ጊንጪና አዲስ ዓለምን የጠሩበት መሰለው። ፊቱ ተለዋወጠ። ቆይቶ ፈገግ አለ፣ ያው ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ አይደል? «ጥሩ ነው» አለ። «ዘጠኝ ወንድ፣ ዘጠኝ ሴት ታደርጋለህ። ካርዱም እንደዚያው ይጻፋል። ይህንም ሣር ንቀለው፤ እንግዳ ዓሣ ሊያይ ነው የሚመጣው ወይስ ግጦሽ? ያን ጊዜ የቋሚነትህን ነገር እናየዋለን።»

ኦቦ ሞቱማ ሲወጡ ተከትያቸው ላቦራቶሪ ገባሁ። «ለምን አልነገሩትም? እኔ ነኝ እኮ የቆረጥኩት» አልኳቸው። «አንቺም ጊዜያዊ ነሽ» አሉኝ። «አንድ ጊዜያዊ ይበቃቸዋል።» እኔ ፈሪዋ አለቀስኩ። ፈሪ ለእናቱ ነው፤ ለጓደኛ አይሆንም።

ለቅሶው ሲያልቅልኝ ብልሃት አመጣሁ። «ዓሦቹን አይንኳቸው። ካርዱን ብቻ ዘጠኝ በዘጠኝ ብዬ ልምታው። ሴትና ወንዱን ማን ይለያል? ጉታ የዓሣ ብጉር ሊቆጥር ነው?» አልኳቸው። ዛሬም ትክክል ነበርኩ እላለሁ። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጆች ካርዱን አንብበው ገንዳውን ያያሉ። የተጻፈውና ያለው ከተለያየ ምን አስተማርኳቸው?» አሉ። ተናደድኩባቸው፣ አልዋሽም። እውነት የሚባል ነገር ሁልጊዜ ከድሃው ኪስ ነው እንዴ የሚወጣው?

በማግስቱ በዝናብ ሁሉቃ ወርደው ሦስት ወንድ ይዘው መጡ። ሦስት ሴት አውጥተው ባልዲ ውስጥ አደረጉ። ሣሩን ነቀሉ፤ አልጣሉትም ግን፣ በሌላ ባልዲ አድርገው ከጠረጴዛው ሥር አስቀመጡት። ወቅቱ የመራቢያ ወቅት ነው፣ ወንዶቹ ብጉር በብጉር ሆነዋል። መደበቂያ የሌለው ባዶ መስታወት ውስጥ ዘጠኙ ዘጠኙን ማሳደድ ያዙ። አብሮ መዞሩ ቀረ። አንድ ላይ የሚሄድ የለም፤ የሚሸሽና የሚያባርር ብቻ ነው ያለው። በጳጉሜን አራት አንዲት ሴት ሞታ ተገኘች፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት ሌላዋ። ኦቦ ሞቱማ ከባልዲው አውጥተው ተኩባቸው። ቁጥሩ ዘጠኝ በዘጠኝ መሆኑ አልጎደለም። ኮሚቴው በየቀኑ እየመጣ ካርዱን አይቶ ይሄዳል፤ ገንዳውን ግን ቀና ብሎ ያየ የለም።

መስከረም ሁለት ኤግዚቢሽኑ ተከፈተ። ከእንግዶቹ መካከል አዴ ሲንቄ ነበሩ፣ ከጉደር በኩል የመጡ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር። ገበሬ ናቸው፤ አማርኛቸው ጥቂት፣ ዓይናቸው ግን ምንም አያመልጠውም። ጉታ እጁን ዘርግቶ «እዚህ ጋ እኩልነት በተፈጥሮ ውስጥ ይታያል፤ ዘጠኝ ወንድ፣ ዘጠኝ ሴት» እያለ ያስጎበኛል። ሌላው እንግዳ አጨበጨበ። አዴ ሲንቄ ግን ጎንበስ ብለው መስታወቱ ማዕዘን ላይ ቀሩ። አንዲት ዓሣ ጅራቷ ተቦጫጭቆ፣ አፏን ወደ ላይ አድርጋ ጥግ ይዛለች። ሦስት ወንዶች ሆዷን እየወጉ ይመላለሱባታል።

«ኢሼን ቱን ማል ታቴ?» አሉ። ይቺ ምን ሆና ነው ማለታቸው ነው።

ኦቦ ሞቱማ በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ ስለ ወቅቱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ሣሩ። የካርዱን የቀረ ግማሽ ያኔ ነው አዳራሹ ውስጥ የሰማሁት፣ ሴቶቹ እየተፈራረቁ እንዲያርፉ ነው የሚለውን። አዴ ሲንቄ እስኪጨርሱ ሰሙና ወደ ጉታ ዞሩ።

«ቆጠራችሁ። ደግ። ይቺ ግን መግቢያ አጣች እኮ። ሣሩን መልሱላት።»

«እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ እናስተካክላለን» አለ ጉታ፣ ጥርሱን ገጥሞ።

ርዕሰ መምህሩ ለኦቦ ሞቱማ በዓይናቸው «ተው» አሏቸው። የቋሚነቱ ወረቀት በርዕሰ መምህሩ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ አንድ ፊርማ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ኦቦ ሞቱማ ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እሳቸው ግን እሑድ እሑድ ጸሎት ቤት የሚለብሱትን ኮታቸውን አወለቁ፣ አጣጥፈውም ወንበር ላይ አስቀመጡ። ባልዲውን ከጠረጴዛ ሥር ጎትተው እጃቸውን እስከ ብብታቸው ውሃ ውስጥ ነከሩና ሣሩን አንድ አንዱን ይተክሉ ጀመር፣ ከኋላ ረጅሙን፣ ከፊት አጭሩን። ከዚያ በአጎበሩ ሦስቱን ወንዶች አወጡ። በባልዲው የቀረችውን አንዷን ሴት መለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን እንግዳው ቆሞ ያያል፣ ጉታ ላብ ያጠምቀዋል። ያቺ ጅራተ ቆራጣ ሣሩ ውስጥ ገባችና ከዓይን ጠፋች።

«አሁን ምን ይታያል?» አለ ጉታ።

«ምንም አይታይም ጓድ» አሉ ኦቦ ሞቱማ፣ እጃቸውን እየጠረጉ። «አርፋለች።»

አዴ ሲንቄ «ገለቶሚ» ብለዋቸው አመስግነው አለፉ። የሳቸው ሥልጣን እስከዚያችው ድረስ ነበር።

ያ ገንዳ ኦቦ ሞቱማ ከሄዱ በኋላ ውሃው አረንጓዴ ሆነ፤ ጥር ላይ ባዶውን ቀርቶ የጠመኔ ካርቶን ማስቀመጫ አደረጉት። እሳቸው ጉደር ተመልሰው ወንዝ ዳር የሽንኩርትና የጎመን ችግኝ እያፈሉ ኖሩ፤ ደህና ኖሩ እንዳትሉኝ፣ ኖሩ ነው ያልኩት። እኔ ጥቅምት ላይ ቋሚ ሆንኩ። ጉታ በሴቶች እኩልነት ላይ ሁለት ጊዜ ንግግር አደረገ፤ ንግግሮቹንም የመታሁት እኔ ነኝ።

የስንብቱን ደብዳቤ የመታሁትም እኔ ነኝ። ከበዓሉ አንድ ሳምንት በኋላ ረቂቁ መጣልኝ፣ ሙሉ ገጽ፣ የጉታ እጅ ጽሑፍ። «የኮሚቴውን መመሪያ በመጣስ፣ በክቡራን እንግዶች ፊት ሥርዓት በማፍረስ፣ ከአብዮቱ የእኩልነት ዓላማ ጋር የሚጻረር አመለካከት በማንፀባረቅ» እያለ ይወርዳል። ርዕሰ መምህሩ ራሳቸው አፍረው «አጠር አድርገሽ ምቺው ባክሽ» አሉኝ። እጄ ግን ፈራ። ከጉታ ቃል አንዱን ብቆርጥና ቢያውቅብኝስ? ነጠላ ሰረዙን ሳይቀር እንዳለ መታሁት፤ አንድም ስሕተት የለው።

ኦቦ ሞቱማ ሊቀበሉ መጡ። ማን እንደመታው ያውቃሉ፣ ሌላ ታይፒስት የለንም። መዝገቡ ላይ ፈረሙና መነጽራቸውን አድርገው፣ ቆመው፣ እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ አነበቡት። ከዚያ አጣጥፈው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«ይሄኛውን እንኳ ሙሉውን ጽፈሽዋል ዘርቲ» አሉኝ።